ኩሽና ያለው ባሕር

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲበረታ ባሕር ልሂድ ብሎ ይነሣል። ይነሣል እንጂ ወዲያው አይሄድም። መጀመሪያ ማረፊያ መመረጥ አለበት፤ ማረፊያ ለመምረጥ የቴሌግራም ቡድን መከፈት አለበት፤ ቡድኑ በተከፈተ ማግሥት ደግሞ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሊሄድ ያሰበው ሰው የአምስት ቤተሰብ አስጎብኚ ሆኖ ይገኛል። ለአንዱ ነግሮ ሌላውን መዝለል ነውር ነዋ። የተነገረው ለሚስቱ እህት ይነግራል፤ የሚስቱ እህት እናቷን ከአገር ቤት አስመጥታለች፤ እማማ ደግሞ በር ተዘግቶባቸው ብቻቸውን አይቀሩም።

የት እንደሚኬድ ብዙም አያከራክርም። ወይ ኦሽን ሲቲ ነው፣ ወይ ቨርጂኒያ ቢች። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወደ መጀመሪያው፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል፤ እያንዳንዱም የሌላኛው መንገድ የባሰ መሆኑን በማርያም ይምላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ወደ ቨርጂኒያ ቢች የሚወስደው አውራ ጎዳና ሃምፕተን ሮድስ ሲደርስ ውሃ ሥር ይገባል። በ1957 የተከፈተ ዋሻ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በዋሻው አፍ የቆመ ሰው የሚስቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ለመቁጠር በቂ ጊዜ ያገኛል። ወደ ኦሽን ሲቲ የሚሄደው ደግሞ የቼሳፒክን ድልድይ ይሻገራል። በ1952 የተከፈተ፣ ከ4 ማይል በላይ የሚረዝም፣ መርከብ በሥሩ እንዲያልፍ ሽቅብ የተሰቀለ ድልድይ ነው። በላዩ ላይ መንዳት የሚያርበተብተው ሰው ስለማይጠፋ፣ ገንዘብ ተቀብለው የሰው መኪና የሚያሻግሩ ሾፌሮች አሉ። እኛ አያስፈልገንም፤ እማማ ከኋላ ሆነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። የድልድዩ ክፍያ የሚጠየቀው ወደ ባሕሩ ሲኬድ ብቻ ነው። ስንመለስ ኪሳችን ባዶ መሆኑን ያውቃሉ።

ቀኑን መምረጥ ግን ባሕረ ሐሳብ ይጠይቃል። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ነው። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7። ከዚያ በፊት በጁላይ 4 ሰሞን ከ1984 ጀምሮ ሲካሄድ የኖረው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ በዓል አለ፤ እዚያ ያልታየ ሰው ታሟል ተብሎ ይጠየቃል። ፍልሰታ ሲፈታ ልጆቹ ለአዲሱ የትምህርት ዓመት ቦርሳ ይገዛላቸዋል። እንግዲህ ሥጋ እየበሉ ባሕር ማየት የሚቻለው አራት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው፤ የሆቴል ባለቤቶች ሲኖዶሱን ሳያማክሩ ዋጋ የሚሰቅሉትም በዚያው ሰሞን ነው። ከዚህም ላይ ረቡዕና አርብ ይቀነሳል። አርብ መድረስ ማለት ጥብሱን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ እስከ ቅዳሜ በር በሩን ማየት ነው። «ዓሣስ?» የሚል ደፋር አይጠፋም፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከተነሣ ግን የሆቴሉ ጉዳይ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። አስተባባሪው የሦስት ሆቴሎች ፎቶግራፍ ቡድኑ ላይ ይለጥፋል። መልስ ይጎርፋል። «ሁሉም ያምራሉ።» «አንተ የመረጥከው ይሁን።» «ለእኔ የትም ይሁን፣ እናንተን ማየቴ ይበቃኛል።» አዲስ ሰው ይህን አይቶ እንዴት ያለ የተባረከ ሕዝብ ነው ይላል። «የትም ይሁን» ያለ ሰው ግን ምርጫውን አልተወም፤ የይግባኝ መብቱን ነው ያስጠበቀው። የመረጠ ሰው ደርሶ ማጉረምረም አይችልም። ያልመረጠ ግን ሻንጣውን ገና ሳያወርድ «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ከባሕሩ ራቀ እንጂ» ብሎ ይጀምራል፣ «ያን ጊዜ እነ እገሌ ያረፉበት ግን ቁርሱ!» ብሎ ይቀጥላል።

በዚህ ላይ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው ይምረጥ፣ ሌላው ከነሐሳቡ ይሳፈር። ይህን አቋሜን ቡድኑ ላይ ጽፌው አላውቅም። ይሉኝታ አለብኝ።

በአደባባይ የትም ይሁን ያለው ሁሉ ማታ በግል ይደውላል። ሁሉም የሚደውለው ስለ ሌላ ሰው አዝኖ ነው። «እኔ እንኳን ምንም አይደለሁም፣ እማማ ግን ደረጃ አይችሉም፤ ምድር ቤት ይሁን።» ሌላዋ ደውላ እማማ ነፋስ ስለሚያስፈልጋቸው ከፍ ያለ ፎቅ ይሻላል ትላለች። ሦስተኛው እማማ ሌሊት ብርድ ስለማይስማማቸው ከውሃው ራቅ ይበል ይላል፤ ራቅ ያለው ሆቴል በሌሊት 90 ዶላር እንደሚቀንስ ግን አያነሣም። በመጨረሻ አንዱ ብልህ ስልኩን ለራሳቸው ይሰጣቸዋል። «እማማ፣ ደረጃው አያስቸግርዎትም?» «ምን ያለ ደረጃ ነው ልጄ? እኔ አሸተን ማርያምን በእግሬ ወጥቼ የተሳለምኩ ሰው ነኝ።» አሸተን ማርያምን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ላሊበላን ቁልቁል የሚያይ ተራራ ነው። በሦስተኛው ፎቅ ላይ የተነሣው ክርክር እዚያው ይሞታል፤ ማግሥቱን የእማማ ጉልበት ቀርቶ የሕፃኑ እንቅልፍ ይነሣል።

ከዚያ ድረ ገጽ ይከፈታል። ሌላው ሕዝብ ቀድሞ የሚመለከተው ዋጋውንና ኮከቡን ነው፤ እኛ «ኩሽና ያለው» የሚለውን። ባሕሩ ይደርሳል፤ የትም አይሄድም። ምድጃው ስንት ዓይን አለው? ድስት ያስቀምጣል? ማቀዝቀዣው የእንጀራውን ሣጥን ይችላል? ዶሮ ወጡ ቤት ተሠርቶ፣ ክዳኑ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከፊተኛው ወንበር ሥር በሁለት እግር መካከል ተይዞ ነው ድልድዩን የሚሻገረው። የሜሪላንድ መታወቂያ የሆነው ሰማያዊ ሸርጣን በየምግብ ቤቱ ደጃፍ በቅመም ተለውሶ ሲጠብቅ፣ እኛ ሽሮ ይዘን በአጠገቡ እናልፋለን። እማማ አንድ ጊዜ አይተውታል። «ይህን ይበላሉ?» አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።

ቡናው የብቻው ምዕራፍ ነው። ተቆልቶ ይሂድ የሚሉ አሉ፤ እዚያው ካልተቆላ ምኑን ቡና ሆነ የሚሉ አሉ። የሚያሸንፉት ሁልጊዜ ሁለተኞቹ ናቸው። ስለዚህ ማረፊያ ስንመርጥ መስኮቱ የሚከፈት መሆኑን፣ በረንዳ መኖሩን፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ከምድጃው ስንት ክንድ እንደሚርቅ ከፎቶግራፉ ላይ አጉልተን እንመረምራለን። ምርመራው ያመለጠው አንድ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ቡናው መንቻቻ ሲጀምር የቤቱ አባወራ ወንበር ላይ ቆሞ የሆቴሉን የደንብ መዝገብ ወደ ጣሪያው ያራግባል። መዝገቡ በተራገበ ቁጥር ገጹ ይገለጣል፤ በተገለጠው ገጽ ላይ በክፍሉ ውስጥ ጭስ የተገኘበት እንግዳ እንደሚቀጣ በደማቅ ቀለም ተጽፏል። ዕጣኑ ገና አልተጨመረም ነበር።

የባሕሩ ነገር በክፍሎቹ ስም ላይ ብቻ ይነሣል። ውቅያኖስ ፊት ለፊት የሚባለው ውድ ነው። ውቅያኖስ በከፊል የሚታይበት የሚባለው ረከስ ይላል፤ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ወገብን ከአጥሩ አሻግሮ፣ አንገትን ወደ ግራ ለጠመዘዘ ሰው በሁለት ሕንፃዎች መካከል ሰማያዊ ነገር ይታየዋል። ውሃ የሚታይበት የተባለውን ግን ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይገባል። ኦሽን ሲቲ በቀጭን ደሴት ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ በምሥራቅ ውቅያኖሱ፣ በምዕራብ የባሕር ወሽመጡ ነው። ውሃ የተባለው ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የመዋኛ ገንዳውም ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ለነገሩ የሚጠይቁት ስለ ገንዳው ብቻ ነው፤ ሦስት ሰዓት ተነድቶ አትላንቲክ ዳር ተደርሶ ክሎሪን ውስጥ ይውላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ባሕሩን የምንጠቀመው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።

በአንድ ነገር ግን መንግሥትን አመሰግናለሁ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከሜይ 2025 ጀምሮ ሆቴሎችና የሚከራዩ ማረፊያዎች ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ሁሉ ደምረው ጠቅላላውን ዋጋ ከመነሻው እንዲያሳዩ አዟል። ቀድሞ 150 ዶላር ብሎ የጠራህ ክፍል የመዝናኛውን፣ የጽዳቱን፣ የፎጣውን እያለ መጨረሻው ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣ ነበር። አሁን ድንጋጤው መጀመሪያ ላይ ነው። ድንጋጤውን ተከትሎ ርካሽ ፍለጋ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይመጣል፤ ከባሕሩ ሁለት መንገድ፣ ከዚያ አምስት መንገድ፣ ከዚያ ወሽመጡን ተሻግሮ፣ ከዚያ 30 ማይል ግድም ርቆ ሳልስበሪ። ከኦሽን ሲቲ በ50 ቁጥር መንገድ ሲወጣ «ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ 3,073 ማይል» የሚል ምልክት ቆሟል፤ አስተባባሪው ጊዜ ቢያገኝ እዚያም ዋጋ ይጠይቅ ነበር።

መኪና ማቆሚያ ሌላው ቁስል ነው። ከመካከላችን ዓመቱን ሙሉ ዲሲ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራ፣ ለአንድ ሰዓት ሃያ ዶላር ሲቀበል ዓይኑን የማያሽ ወንድም አለ። ሆቴሉ ሁለተኛውን መኪና በክፍያ ነው ሲለው ልቡ ይደማል። «ለቆመ መኪና?» ይላል። ይህን ጥያቄ ደንበኞቹ በየቀኑ ሲጠይቁት ምን እንደሚመልስ ጠይቄው ነበር፤ አልመለሰልኝም።

ክፍሉ አራት ሰው ይይዛል ይላል። እኛ ዘንድ አራት ሰው ማለት አራት ጎልማሳ ነው፤ ልጅ አይቆጠርም፣ እናት ደግሞ እንግዳ እንጂ ተከራይ አይደሉም። ስለዚህ በእንግዳ መቀበያው በኩል በየተራ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው ይገባል። መጀመሪያ ባልና ሚስት። ከዚያ በሌላ አሳንሰር ሁለት ወጣቶች። ከዚያ ፍራሽ የሚነፋበት መሣሪያ የያዘ ሰው። ሁሉም በሥርዓት ሲሄድ ቆይቶ፣ የአራት ዓመቷ ልጅ ከበሩ ላይ «ጋሼ! ጋሼ! ስንት ቁጥር ነው ያላችሁን?» ብላ ትጮኻለች።

ወጣቶቹ ከዚህ ሁሉ አሳቲግ ደሴት ድንኳን እንትከል ብለው ያውቃሉ። ደሴቱ ከኦሽን ሲቲ የተቆረጠው በ1933 በመጣው ማዕበል ነው፤ በውስጡ የዱር ፈረሶች ይኖራሉ። ከእነርሱ 40 ጫማ መራቅ ግዴታ ነው። ፈረሶቹ ግን ይህን ደንብ አያከብሩም፤ የሰው ማቀዝቀዣ ሣጥን ከፍተው ምግብ ይወስዳሉ። የቡድኑ እናቶች ይህን እንደሰሙ ሐሳቡ ያለ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። በጤፍ ዋጋ ለፈረስ የሚሰጥ እንጀራ የለም።

አንድ አጎት ብቻ የትም ቢኬድ አይደሰቱም። በወጣትነታቸው ምጽዋ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው አትላንቲክ ውስጥ ይገቡና፣ ጣታቸውን ነክረው ይቀምሱና፣ «ቀዝቃዛ ነው፤ ጨውም የለው» ብለው ይወጣሉ። በስልኩ ላይ ባሉት አስተያየቶች ይህ የባሕር ዳርቻ አራት ኮከብ ተኩል አለው። አጎታችን ግን ቀይ ባሕርን አይተው ኮከብ አይሰጡም።

የመጨረሻው ሥራ ሒሳብ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ!» ብለን እጅ ለእጅ የምንያያዝ ሰዎች፣ የሆቴል ድርሻ ሲባል ስልካችን ባትሪ ይጨርሳል። ካርዱን ያስያዘው ሰው ስለሚያፍር በቀጥታ አይጠይቅም። ከተመለስን በሳምንቱ ቡድኑ ላይ «ሰላም ለሁላችሁ ይሁን፣ እንዴት ሰነበታችሁ» ብሎ ይጽፋል፤ ቀጥሎ የፀሐይ መውጫ ፎቶግራፍ ይለጥፋል፤ ከፎቶግራፉ ሥር በትንሹ የእያንዳንዱን ድርሻና የባንክ ሒሳቡን ያስቀምጣል። ሁሉም ለፎቶግራፉ ልብ ይልካል። «እንዴት የሚያምር ጊዜ ነበር!» «ለዓመቱ ያድርሰን!» ገንዘብ የላከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በዋዜማው ልጁ ታሞበት ሳይሄድ የቀረው።