ከሐረር ወደ ሻርልቪል የሚላከው ማን ነው?

የሐረር እህት ከተሞች ሲቆጠሩ የፈረንሳይዋ ሻርልቪል-ሜዚየር አብራ ትጠራለች። ያስተሳሰራቸው አንድ ሰው ነው፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ። በ1854 እ.ኤ.አ. ሻርልቪል ተወለደ፤ በ1880 መጨረሻ ላይ ኤደን ለተቀመጠ ነጋዴ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ሐረር ገባ። በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ እስከ ባሕር ወደቡ ዘይላ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞቶ ሻርልቪል ተቀበረ። በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ «ራምቦ ቤት» የሚባለው ባለቀለም መስኮት ሕንፃ ግን የህንድ ነጋዴ ያሠራው፣ ከራምቦ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ይህን ለሻርልቪል ሰዎች ሳይደብቁ መንገር ይሻላል፤ በወንዙ ዳር አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያለው ሙዚየማቸው የሰውየውን ሕይወት ከእኛ ይልቅ በዝርዝር ያውቀዋል።

ፈረንሳይ ተቀምጦ ሁለቱን ወገን ለሚያስተያይ ሰው ልዩነቱ የሚታየው የሁለቱ ከተሞች ልዑካን ሲገናኙ ስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያ ወገን ከምክትል ከንቲባው ጎን የውሃ መሐንዲስና የሙዚየም ባለሙያ ይቀመጣሉ። በእኛ ወገን ብዙ ጊዜ ወንበሩ በሥልጣን ተዋረድ ይሞላል። «የዋናው መስመር ቧንቧ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ስንመለስ እንልክላችኋለን» ይባላል። ሳይላክ ይቀራል።

ውሃውን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረር የምትጠጣው በአብዛኛው ከድሬዳዋ ቆላ ተገፍቶ ሽቅብ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ጄሪካኑም ይሰለፋል። ፈረንሳይ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ አለ፤ ከተሞችና የውሃ አገልግሎቶች ከውሃ በጀታቸው እስከ 1 በመቶ የሚሆነውን ለውጭ አገር የውሃና የንጽሕና ሥራ ማዋል ይችላሉ። ግዴታ አይደለም፤ የሚጠይቅና የሚያሳምን ይፈልጋል። የሚያሳምነው ንግግር ሳይሆን አንድ ገጽ ቁጥር ነው፦ በቀን የሚገፋው ሜትር ኩብ፣ በቆጣሪ ተነብቦ የሚከፈልበት ሜትር ኩብ (የሁለቱ ልዩነት ብክነቱን ያሳያል)፣ በየሰፈሩ ፈረቃው በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ የቧንቧው ውፍረትና ዕድሜ። ይህን ገጽ የሚያዘጋጀው ሰው አብሮ መሄድ አለበት።

ሰውየው እንዳይሄድ የሚያደርገው አንዱ ቪዛው ነው። የሸንገን (ፈረንሳይም ያለችበት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ይቀበላሉ፤ 15 ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ አሻራ የሚሰጠውም አዲስ አበባ ነው። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የሚበላሸው የት ነው? ግብዣው በባለሙያው ስም ይመጣል፤ በመጨረሻው ሳምንት «እሱ ይቅር፣ እኔ ልሂድ» የሚል አለቃ ይነሳል። ቪዛ እንደ አውቶቡስ ትኬት ከሰው ወደ ሰው አይዛወርም፤ ወንበሩ ባዶውን ይበራል። ሌላው ስም ነው። የእኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ለፈረንሳዩ ፀሐፊ እንቆቅልሽ ነው፤ አንዱን በአያቱ ይጠራዋል፣ ሌላውን በራሱ ስም። ዝርዝሩን ፓስፖርቱ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች አጻጻፍ ፊደል በፊደል መላክ ነው መፍትሔው። ፕሮግራሙ ላይ ያለውን «9:00»ም በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ብሎ ከጎኑ መጻፍ ይገባል።

ሻንጣ ላይ ቀልድ የለም። ጫት ፈረንሳይ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅነት የተከለከለ ነው። አወዳይ ላይ የንግድ ዕቃ ነው፣ ፓሪስ ጉምሩክ ላይ ወንጀል ነው፤ «ለዘመድ አድርስልኝ» ተብላ የተሰጠች አንዲት እስር ልዑኩን ሁሉ ታስቀራለች። ቋንጣና ቅቤም አይገቡም፤ ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ውጭ ሲመጣ ይወረሳል። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ለስጦታ የተቆላ የሐረር ቡናና የሐረሪ ሴቶች ስፌት ይበቃሉ።

ስለ ምግብ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሻርልቪል ያለችበት አርደን የከርከሮና የደረቀ የአሳማ ጭን አገር ነው፤ የሚኮሩበትን ነው የሚያቀርቡት። ከሐረር የሚሄድ ልዑክ ውስጥ ሙስሊሙም ጾመኛው ክርስቲያንም አለ። ለጾመኛው «ቬጀቴሪያን» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ አይብና እንቁላል ይዘውለት ይመጣሉ። «ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል» ተብሎ ይዘርዘር።

ከዚያ ማታው አለ። ማዘጋጃ ቤቱ «ቫን ዶኔር» የሚሉትን የክብር አቀባበል ያደርጋል፤ ቆመው አንድ ብርጭቆና ትንንሽ ቁራሽ፣ ንግግር፣ ፎቶ። የእኛ ሰው ራቱ የሚመጣ መስሎት ይጠብቃል፤ እነሱ ግን መሽቷል ብለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ሐረር ላይ እንግዳ ብቻውን አይተውም፤ ቡና፣ ጅብ ሲበላ ማሳየት፣ እስከ እኩለ ሌሊት ጨዋታ። እዚያ ግን ለእንግዳ ምሽቱን መተው መከበሩ ነው እንጂ መጠላቱ አይደለም። ከአቀባበሉ በፊት ጠንከር ያለ ነገር መብላት ነው።

ወደ ከተማዋ ሲወጡ ሐረር የምትማርበት ቦታ ፕላስ ዱካል ነው፤ ሻርልቪል በ1606 ከተቆረቆረች በኋላ የተሠራ፣ ቀይ ጡብና ቢጫ ድንጋይ የለበሰ አደባባይ። ከታች ሱቅና ቡና ቤት አለ፣ ከላይ ሰው ይኖራል፤ እንደ ጀጎል ማለት ነው። ግን በፈረንሳይ ከተመዘገበ ቅርስ 500 ሜትር ክልል ውስጥ መስኮት ለመቀየርም የመንግሥት የቅርስ አርክቴክት አስተያየት ይጠየቃል። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ ሆኖም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ዝም ይባላል። ሲሚንቶ እርጥበት አያስወጣም፤ ውስጥ የገባው ውሃ ጭቃውን ያላላና ግድግዳው ሆዱ ይነፋል። ኖራ ይተነፍሳል። ቁጥጥሩን ብቻ መቅዳት ግን አያዋጣም፤ ነደባውን (የሐረሪ ቤት ከፍ ያለ መቀመጫ መደብ) ጠብቆ የሚኖረው የቤቱ ባለቤት ኖራውንና ግንበኛውን በምን ገንዘብ ያምጣ? እነሱ ለባለቤቱ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚሰጡ፣ ከስንት ወጪ ስንቱን እንደሚሸፍኑ መጠየቅ ያለበት እዚያው አደባባይ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ጥያቄም በጽሑፍ ተይዞ ቢኬድ ጥሩ ነው። ራምቦ ከሊዮን ባስመጣው ካሜራ በ1883 እ.ኤ.አ. ሐረር ውስጥ ፎቶ አንስቷል፤ ከተማዋ በፎቶ ከታየችባቸው ቀደምት ምስሎች መካከል ናቸው። የትኞቹ በሙዚየሙ፣ የትኞቹ በሌላ ቤተ መዛግብት እንዳሉ ዝርዝሩን፣ ከዚያም በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የሚችል ቅጂ ለሐረር ሙዚየሞች መጠየቅ ይቻላል። ወረቀቱን ከልዑኩ ጋር ለሚሄደው የሙዚየም ሠራተኛ መስጠት ነው፣ እሱ እንዲሄድ ከተፈቀደለት።