ውዳሴ ኦሪጅናል

ላፕቶፑ ቢንቀራፈፍበት፣ አንዱን ሲከፍት ሌላው ቢተኛበት፣ የአዲስ አበባ ሰው አይደናገጥም። «ራም ጨምርበት» የሚል መካሪ ከየትም አይጠፋም፤ ራም ላፕቶፑ የከፈትነውን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት የትውስታ ሰሌዳ ነው። መርካቶ ወይም መገናኛ ብቅ ይልና ከመስታወቱ ወዲያ ለቆመው ወጣት አንዲት ጥያቄ ያቀርባል፤ «ኦሪጅናል ነው?» ወጣቱም «ኦሪጅናል ነው፣ አባቴ» ይላል። ምርመራው ተጠናቀቀ።

ፈረንጅ ያሳዝናል። ራም ለመግዛት የላፕቶፑን ሞዴል ከሆዱ ሥር ያነባል፤ የራሙ ትውልድ ዲዲአር3 ነው ዲዲአር4 እያለ ያጣራል፤ ቮልቴጁን ያያል። ከገጠመው በኋላ እንኳ አላምን ብሎ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መመርመሪያ ፕሮግራም በፍላሽ ጭኖ ሲያስፈትሽ ያድራል። እኛ ዘንድ መፈተሻው መሐላ ነው፤ ክብደቱም እንደ ጊጋው ነው። ለ4 ጊጋ «ሙት!» ይበቃል። ለ8 ጊጋ «ማርያምን» ወይም «ወላሂ» ይጨመራል። 16 ጊጋ የሚገዛማ የሻጩ እናት ሕይወት ለመያዣ እስኪቀርብ ድረስ ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም።

በኩባንያ ምርጫም አቋማችን የጸና ነው። አንዱ «ከኪንግስተን ወዲያ ላሳር!» ይላል፤ ሌላው ሳምሰንግ ካልሆነ በነጻም አይወስድም። ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመ፣ ቺፑን ግን ራሱ የማያመርት፣ ከነሳምሰንግ፣ ከነኤስኬ ሃይኒክስና ከነማይክሮን ገዝቶ የሚገጣጥም ኩባንያ መሆኑን በዚህ መሀል ማንሳት ጨዋታ ማበላሸት ነው። የዓለምን የራም ቺፕ አብዛኛውን የሚያመርቱት እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ክርክሩ እንግዲህ ከጤፍ ገበሬውና ከእንጀራ ጋጋሪዋ ማን ይበልጣል ነው፤ ቢሆንም በዚህ የተኳረፉ የሥራ ባልደረቦች ስላሉ በጥንቃቄ ነው የምናገረው።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው የላጲሱን ጥበብ ነው። ወጣቱ መሳቢያውን ይስብና ከብሎንና ከካቻቢቴ መካከል ከጣት ብዙም የማትረዝም አረንጓዴ ሰሌዳ ያወጣል። ወርቃማ ጥርሶቿን በተማሪ ላጲስ ግራ ቀኝ ይፈትጋል፤ እፍ ይላል፤ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። ላጲሱ በእርግጥ የጥርሶቹን ቆሻሻ ያነሳል። ከሦስት ላፕቶፕ የተነቀለችውን ሰሌዳ «ዛሬ ጠዋት ከዱባይ የገባች» የሚያደርጋት ግን የላጲሱ ሥራ አይደለም፤ የአንደበት ነው። ተለጣፊዋ ላይ «8 ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ4» የሚል ጽሑፍ አለ። ገዢው 8ን ያነባል፤ የቀረው ለጌጥ ነው።

ለጌጥ የተባለው አንዳንዴ ዋጋ ያስከፍላል። ዲዲአር4 በዲዲአር3 ማስገቢያ አይገባም፤ የመጀመሪያው 260፣ ሁለተኛው 204 ጥርስ ነው፣ በጥርሶቹ መሀል ያለው ክፍተትም ቦታው ይለያያል። እኛ ጋ «ትንሽ ጠበቅ ይላል» ተብሎ በአውራ ጣት ይመከራል። ተንኮለኛው ዲዲአር3 ኤል ነው። ከተራው ዲዲአር3 ጋር በጥርስም በክፍተትም አንድ ነው፤ የሚለያዩት ኤሉ በ1.35፣ ተራው በ1.5 ቮልት በመሥራታቸው ነው። ዝቅተኛውን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ላይ ተራውን ሲገጥሙት ቁልጭ ብሎ ይገባል፤ ማብሪያውን ሲጫኑ ደግሞ ጭጭ። ያኔ ጥፋተኛው ይታወቃል፤ ላፕቶፑ አርጅቷል።

ደግነቱ አብዛኛው ይበራል። ሳምንት ቆይቶ ሰማያዊ ስክሪን ቢመጣ፣ ፋይል አልከፈት ቢል፣ ራሙን የሚጠረጥር ጋጠወጥ አይኖርም፤ የተማለበት ነዋ! «ቫይረስ ነው» ይባልና ፎርማት ይደረጋል። ሲደገም መብራቱ ነው። ሲሠልስ የጎረቤት ዓይን ነው።

ዋስትናስ? ኪንግስተን ለራሞቹ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ ይሁንና ደረሰኝ፣ መለያ ቁጥር እያሉ ሰው ማድከም ምን ያደርጋል? የኛ ዋስትና አራት ቃል ነው፤ «አልጠፋም፣ እዚሁ ነኝ፣ ወንድሜ።» እውነትም አይጠፋም። በሦስተኛው ወር ሱቁ ጫማ መሸጫ ቢሆንም ልጁ እዚያው አለ፤ ቁጥር 42 ይበቃህ እንደሆነ ይጠይቅሃል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ማብቂያ የአሜሪካው ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስም ለተራ ሸማች ራም መሸጡን እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ማቅረቡ ይሻለኛል ብሎ ነው። ዜናውን የሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ ተጨንቀው አይቻቸዋለሁ። ምን አስጨነቃቸው? ተለጣፊ የሚያትም ማተሚያ ቤት እስካለ ድረስ ኦሪጅናል ክሩሻል ከመርካቶ አይጠፋም፤ ሲያስፈልግም ከአሜሪካው አስቀድሞ አዲስ ሞዴል ይወጣለታል።