ያላስከፈለን መሥዋዕት

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ልናገር ነውና አትቀየሙኝ።

በጾም ወቅት ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች የአንዱን ሜኑ ገልጣችሁ እዩ። የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ። ማኪያቶውም በአኩሪ አተር ወተት ይመጣል። የአሳውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ፤ እዚህ አገር አሳ ላይ ጣት የቀሰረ ሰው ወዳጅ አይተርፈውም። ሥጋና ወተት አልቀመስንም፣ እውነት ነው። ግን ምን ቀረብን? እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የሚችለው ሆዳችን አራት ሰዓት ላይ ፍርፍር ያዛል። የታመመውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የሚውለውን አልወቅስም። የምናገረው ለእኛ ለጤነኞቹ ነው።

በሩ ላይ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ቆሟል። ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ዘበኛው በእጁ ያርቀዋል። ከመካከላችን አንዱ ይራራና ሳህን ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በፌስታል አስጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ልንጥለው ለነበረው ነገር ደግሞ ምርቃት እንጠብቃለን!

ዳዊት ለእግዚአብሔር መሠዊያ ሊሠራ ወደ ኦርና አውድማ ሲሄድ፣ ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም በነጻ ውሰድ ብሎት ነበር። ዳዊት እምቢ አለ። ያላስከፈለኝን መሥዋዕት ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛው። እኛ ብንሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን ፎቶ ተነስተን እንመለስ ነበር።

ከዚሁ ከጣና ምሥራቃዊ ዳር ቆራጣ አለች። የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለው እዚያ ነው። የመኳንንት ልጅ ነበረች። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ትልቅ ሹም ነበር። ንጉሡ ካቶሊክ ሲሆኑ ባሏም ከንጉሡ ጋር ቆመ። ዝም ብትል ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር፤ ቤቱም አሽከሩም ማዕረጉም ነበራት። እሷ ግን ሁሉን ጥላ ወጣች፣ መነኮሰች፣ ሕዝቡን አባቶቻችሁ ያቆዩትን አትተዉ እያለች አስተማረች። ተያዘች፣ ለፍርድ ቀረበች፣ ወደ ቆላ ተጋዘች። ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት የመለሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1632 ነው። ያኔም ወደ ድሎቷ አልተመለሰችም፤ እስክታርፍ ድረስ በሐይቁ ዙሪያ መነኮሳይያትን ሰብስባ ኖረች። (ባልሽን ጥለሽ ውጪ እያልኩ አይደለም፤ እንዳትጣሉብኝ።)

ይህን ታሪክ እንወደዋለን። በጀልባ ሄደን እንሳለማለን፣ ነጠላችንን አስተካክለን ፎቶ እንነሳለን፣ ማታ እንለጥፈዋለን። ታዲያ ከእሷ የወሰድነው ምንድን ነው? መሳለሙን ብቻ?

የጽዋ ማኅበራችንን ደግሞ ተመልከቱ። ድሮ ዳቦና ጠላ ይበቃ ነበር። አሁን ተረኛው ካለፈው ተረኛ ላለማነስ ይበደራል። ዶሮው፣ ቢራው፣ ለስላሳው። እዚያው ማዕድ ላይ የቤት ኪራይ ሁለት ወር ያለፈባት እህት ተቀምጣለች፣ ሁላችንም እናውቃለን። ጠግበን፣ ተመራርቀን፣ እሷንም «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለ» ብለን ሸኝተናት እንለያያለን። አለ እንጂ! የሰጠንን ገንዘብ ግን በዶሮ ጨረስነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ተረኛ የሆንሽ እህቴ፣ ዳቦ ድፊ፣ ጠላ ጥመቂ፣ ሌላውን ተዪው። የተረፈውን ብር ማኅበሩ ከመግባቱ በፊት፣ ሰው ሳያይ፣ ለዚያች ልጅ አድርሺላት። «ሰው ምን ይለኛል» ማለትሽ አይቀርም። ገንዘቡማ ቀላሉ ነው፤ የሚከብድሽ ይሄኛው ነው። ቆጥቋጣ ይሉሻል፣ ይበሉሽ። ለሚቀጥለው ወር ተረኛም መንገዱን ከፈትሽላት፤ እሷም መበደሯን ትተዋለች።