ክሱ በውሻ፣ ውሃው ከአሸንዳ

ክረምት በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ግቢዎች የምትደጋገም አንዲት ንግግር አለች፦ «ውሻው ሳሩን ጨረሰው!» ዘንድሮም ሐምሌ ሳይጋመስ ጀምራለች። እንግዳ ጃንጥላውን እያጠፈ ጭቃውን ያያል፣ አባወራው ያፍራል፣ ዘበኛው ቀደም ብሎ «ጋሼ፣ ውሻው እኮ ነው» ይላል። ተከሳሹ ጥግ ላይ እንደታሰረ ጅራቱን ይቆላል። ስሙ ደግሞ፣ እንደ ብዙ የአገራችን ውሾች፣ መቻል ነው።

እስቲ ቀና ብለን አሸንዳውን እንይ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። መቶ ካሬ ቆርቆሮ ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድበት 3,000 ሊትር ይሆናል፤ በበርሜል ስንቆጥረው አስራ አምስት። ይህ ሁሉ በአንዲት የቧንቧ አፍ ሳሩ መሀል ይገለበጣል። መቻል በቀን ስንት ይሸናል? ትልቅ ውሻ ቢሆን ከአንድ ሊትር ብዙም አያልፍም።

ሽንቱ አይጎዳም ማለት አይደለም። የሚያቃጥለው ናይትሮጅንና ጨው ስለሚበዛበት ነው፤ መሀሉ ይደርቃል፣ ዙሪያው ግን ማዳበሪያ እንደጠገበ ማሳ ይጠቁራል። ሴቷ ቁጢጥ ብላ ሁሉንም አንድ ቦታ ስለምታፈሰው የእሷ ምልክት ይብሳል። ነገር ግን ይህ የበጋ ጣጣ ነው። በጥር ወዲያውኑ አንድ ባልዲ ውሃ ካልደፉበት ሳሩ ይነድዳል፤ በሐምሌ ባልዲውን ሰማዩ ራሱ ይዞታል። አመድ የሚነሰንሱበትም አሉ፤ ጨው ባቃጠለው ላይ ሌላ ጨው መጨመር ማለት ነው።

የመቻል እውነተኛ ጥፋት እግሩ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ሌሊቱን ከበሩ እስከ ጓሮ አጥር አጥሩን ሲመላለስ ያድራል። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፤ በዚያ ላይ ሲረገጥ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሥሩም ይታፈናል። ውሻ የመረጠውን መንገድ በቀላሉ አይቀይርምና መንገዱን መልቀቅ ነው። አጥሩን ተከትሎ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መቆፈር፣ ከሥር ሸካራውን 02 ጠጠር፣ ከላይ ደቃቁን 00 መድፋት። ላዩን 02 ከሆነ መዳፉን ስለሚቆረቁረው ይተወውና ወደ ሳሩ ይመለሳል። ሰጋቱራማ አይታሰብ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ይላቁጣል፤ ሳሩ ላይ የተበተነው ደግሞ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ይሻማል፣ ሳሩም ቢጫ ይሆናል።

የሰሜን ሸዋው የእነዋሪ ገበሬ ዋልካ ላይ ሲዘራ አፈሩን በእጅ እየዛቀ መደብ ያበጃል፣ በየመሀሉም ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይተዋል። ኢንጂነር አልጠራም። እኛ ከተሜዎቹ ግን ግቢውን እንደ ሳፋ አጎድጉደን፣ በበሩ በኩል የኮብልስቶኑን መንገድ ከግቢው በላይ ሲከምሩት ዝም ብለን አይተን፣ ዝናብ ሲመጣ ውሻ እንከሳለን።

ስለ ሳር ከተነሳ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለውን ማለፍ አይቻልም። ግሩም ተረት ነው። አህያዋ ክፉ ናት፣ ሆኖም የሳር ባለሙያ ናት፤ ከሳር ሁሉ መርጣ የረገመችው መሬት ለመሬት እየተሳበ ቁስሉን ራሱ የሚሸፍነውን ነው። ዘመናት ሙሉ አዋጇን የሚያስፈጽምላት አጥታ ኖረች። አሁን የማጨጃ ማሽን መጣላት! ሰርዶን ጥላ ያሳሳዋል፣ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ መቁረጥም ያደክመዋል። በክረምት አምስት ሳንቲ ሜትር ቢቀርለት ይበቃዋል። አጫጁ ግን እንደ ምልምል ወታደር ፀጉር ይላጨዋል፤ ደጋግሞ መምጣት እንዳይኖርበት። ያውም እርጥቡን! እርጥብ ሳር ምላጩ ሥር ይጠቀጠቃል፣ ምላጩም ዶልዱሞ ሳይቆርጥ ይዘነጥላል፣ ጉብ ጉብ እያለ የወደቀው ደግሞ በሥሩ ያለውን ያበሰብሰዋል። ከዝናብ በኋላ እርጥበቱ እስኪደርቅ መታገስ ለማን ይከብዳል? ለእንቁጣጣሽ ለሚጣደፍ አባወራ ይከብዳል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይላላ! ሰማዩ ተረቱን አልሰማም፤ መስከረም እስኪጋመስ ይዘንባል። አንድ ነገር ብቻ ለቡሄ ይመሰገናል፦ ልጆቹ «ሆያ ሆዬ» እያሉ በዱላቸው መሬቱን ሲደቁት ያልተከፈላቸው የሳር ሐኪሞች ይመስላሉ። ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ ዱላቸው ደነዝ ነው፣ ይደልቃል እንጂ አይበሳም። የሚበሳ የሾለ 14 ቁጥር ፌሮ ነው፦ አስር ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከመስቀል በኋላ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ቀዳዳውንም ሻካራ አሸዋ መሙላት። ላቁጦ ሳለ ከተበሳ የቀዳዳው ግድግዳ ይለሰናል፣ ልፋቱም ከንቱ ነው።

የመቻልን ዓይነ ምድር በየቀኑ፣ ዝናብ ሳይቀድም ማንሳት ነው፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያልና ወደ ጎመኑ መደብ አይጣል።

በዚህ ሁሉ ተማርሮ ሳሩን ነቅሎ ግቢውን በሙሉ ታይልስ የሚያለብስ አለ። ውሃው መስረጊያ ያጣና በጎርፍ መልክ በሩ ሥር ይወጣል፤ ሰፈሩን ያጨቀየው ግን አሁንም የሰፈር ውሻ ነው ይባላል። ይህስ ያናድዳል።

ወደ መቻል ስንመለስ፣ መፍትሔው አሸንዳው ጫፍ ላይ አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) መግጠምና በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቁ ቧንቧውን እስከ ደጁ ቦይ መዘርጋት ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብዙዎች ግን ጎሚቶውን በአቋራጭ ወደ ጎረቤት አጥር ያዞሩታል፤ እዚያም ጥግ ላይ አንድ መቻል ታስሯል።