ሳተላይት የፉተንማን ባለርስት አያውቅም

ሰሞኑን የጃፓን ደሴት የሆነችውን የኦኪናዋን የቆዩ ካርታዎች ስካን አድርጎ ስለማስቀመጥ በተነሳ ክርክር ላይ አንድ ተናጋሪ፣ ሳተላይት ሁሉን በሚያይበት ዘመን ለአሮጌ ወረቀት ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው ሲል ሰማሁ። ደሜ ፈላ።

ሁሉን ያያል? እስቲ ኦኪናዋ ያለውን ፉተንማን ከላይ ይመልከት። የሚያየው የአሜሪካ ማሪኖች የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ነው። እዚያ መንደር ነበር። የጊኖዋን ማዘጋጃ ቤት ነበር፤ ትምህርት ቤት ነበር፤ ግራና ቀኙን ጥድ የተሰለፈበት ዝነኛ መንገድ ነበር። አስፋልቱን ፈልቅቆ ይህን የሚያሳይ ሳተላይት የታለ?

ከላይ ማየት ድሮም አልበቃም። በ1945 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖች ደሴቲቱን ሲወርሩ የያዙት ካርታ በአየር ፎቶ የተሠራ ነበር። ደመና በሸፈነው ቦታ ካርታውም ክፍተት ነበረው።

ከዚያ የሆነውን አስቡት። በጦርነቱ የመሬት መዝገቡ ተቃጠለ። የተረፈው ሕዝብ መጠለያ ካምፕ እያለ ማሳው ላይ የጦር ሰፈር ተሠራ። ቀጥሎ ባለመሬቱ ርስትህን አስመዝግብ ተባለ። በምን? አጥር ተከልሎበት ገብቶ መለካት አይችልም። ትዝ ያለውን ተናገረ፣ ጎረቤቱ መሰከረለት፣ በ1951 የባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። ወሰኑ ግን ከመሬቱ ጋር አልገጠመም። ችግሩ ከመክበዱ የተነሳ ጃፓን በ1977 ወሰን ለማጥራት ብቻ ሕግ አወጣች። ይሄ ነው ተራ ወረቀት የሚባለው?

ኦኪናዋን ድሮ ይገዛ የነበረው የሪዩኪዩ መንግሥት ከ1737 እስከ 1750 መሬቱን ሲያስለካ የሠራውን ደግሞ እዩ። ለመለኪያ በተመረጡ ቦታዎች የአፈር ጉብታ ተሠርቶ ድንጋይ ቆመበት። ድንጋዩ ላይ የአካባቢው ስምና መለያ ፊደል ተቀረጸ። ዛሬም አንዳንዱ ቆሞ ይገኛል። የጠፋውን ድንጋይ ቦታ የሚነግረን የቆየ ካርታና መዝገብ ነው። ይህን የሠሩ ሰዎች ልፋት በአንድ የስልክ አፕ ይተካል ማለት ድፍረት ነው።

ሳተላይት ለአውሎ ነፋስ ይጠቅማል፤ እሺ። የርስት ምስክር ግን አይሆንም።

ፉተንማ ለባለቤቶቹ ይመለሳል ተብሎ ቃል የተገባው በ1996 ነው። አብዛኛው መሬት የግለሰቦች ነው። ማሳቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እያለፉ ነው። በኦኪናዋም በአሜሪካም ቤተ መዛግብት ያለው እያንዳንዱ ካርታ ከነማሳዎቹ ስም አሁኑኑ ስካን ይደረግ፤ ለማንም በነጻ ይከፈት። በጀት የሚከለክሉት ሰዎች አጥሩ በተነሳ ማግስት ለባለመሬቶቹ ምን ሊያሳዩ አስበዋል? የማኮብኮቢያውን ፎቶ?