የእናቴ አገልግል

ኧረ በአላህ፣ የእስረኛ ቀለብ በጀት የት ነው የሚገባው? ወንድሜ ከተያዘ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ እሱ የቀረበው በ9ኛው ቀን! እናቴ ጉልበቷን እያመማት በየማለዳው ከሐይቅ ደሴ አገልግል ይዛ ትመላለሳለች። በር ላይ እንጀራውን ይበጣጥሱታል፣ ወጡን ያማስሉታል፤ እሷ ቆማ ታያለች። ፍራሹም፣ ሳሙናውም፣ መድኃኒቱም ከቤት ነው። ታዲያ ከግብራችን የተመደበውን ማን በላው? ኦዲተሩ ደረሰኝ ብቻ አያገላብጥ፤ እስረኛውን «ትናንት ምን በላህ?» ብሎ ይጠይቀው። የምክር ቤት አባላትም ቀን ሳያስነግሩ ይምጡ። ጉብኝት አለ ሲባልማ ግቢው ታጥቦ ነው የሚጠብቃቸው። ማታ ይምጡ፣ ሰው ተደራርቦ ሲተኛ ይዩት!