የድንጋይ ቤት ላስቲክ አታልብሱት

የድሮ ድንጋይ ቤት ያለው ሰው ብርዱ ሲያንገሸግሸው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ከውስጥ ፎም ለጥፍበት፣ ከውጭ በሲሚንቶ ልሰነው፣ ተገላገል" የሚል ነው። ቶሎ ያልቃል፤ ለመጀመሪያው ብርድም ደስ ይላል።

እንዲህ የታሸገ ግድግዳ ሲፈነቀል አይቻለሁ። ፊቱ ነጭና ንጹህ ነበር። ፎሙ ሲላቀቅ ግን ጀርባው ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ድንጋዩ በሻጋታ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ውስጥ የገባው የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ጫፍ ደግሞ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ሽታውን ተዉት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የድሮ ግንበኛ ድንጋዩን ያያያዘው በኖራ ወይም በጭቃ ነው፤ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ራሱ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ትንሽ ይጠጣል፣ ከመሬትም ይስባል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ መልሶ ያወጣዋል። "ቤቱ ይተነፍሳል" የሚባለው ይሄ ነው፤ የሚያልፈው አየር ሳይሆን እርጥበት ነው። ከውስጥም አለ። ስናበስል፣ ስንታጠብ፣ ዝም ብለን ስንተነፍስ እንኳ አንድ ቤተሰብ በቀን 10 ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ያ እንፋሎት በፎሙ ስንጥቅ ሾልኮ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ጤዛ ይሆናል፣ በውጭ በኩል ደግሞ ሲሚንቶው ዘግቶበታል፣ ታዲያ በየት ይውጣ?

እኔ የምመርጠው የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ፣ ቡሽ፣ ወይም ሄምፕ ከሚባለው የቃጫ ተክል ግንድ ስብርባሪ ጋር የተቦካ ኖራ ነው። እርጥበቱን ይቀበሉና ያሳልፉታል። እውነት ለመናገር ኖራና ሄምፑ የፎምን ያህል ሙቀት እንዲይዝ እጥፍ ገደማ ውፍረት ይፈልጋል፤ የእንጨት ቃጫው ግን ከፎም ብዙም አያንስም። ሰሌዳው ክፍተት ሳይኖረው በእርጥብ ኖራ ድንጋዩ ላይ ድፍን ብሎ መጣበቅ አለበት፣ ባዶ ቦታ ከቀረ ጤዛው እዚያው ይሰበሰባል። ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በቂ ነው ባይ ነኝ። ብዙ በደረባችሁ ቁጥር ከጀርባ ያለው ድንጋይ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ለመድረቅም ይቸገራል።

ኖራ ደግሞ ጥድፊያ አይወድም። ስስ ስስ እየተደረገ፣ እየረጠበ፣ ሳምንታት ይፈልጋል። "በሦስት ቀን እጨርስልሃለሁ" የሚል ባለሙያ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ደግሞ ይህን ሁሉ ደክመው ሲያበቁ የፕላስቲክ ቀለም የሚቀቡ አሉ! ያው ላስቲክ ማልበስ ነው። የኖራ ቀለም ምን አነሰው?

ሰሌዳ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዝናብ ሲዘንብ ወጥታችሁ ግድግዳውን እዩት። አሸንዳው ግድግዳው ላይ የሚያፈስ ከሆነ፣ የውጩ አፈር ከቤቱ ወለል በላይ ከተቆለለ፣ የድንጋዩ መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ከተደፈነ፣ ሥራችሁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እሱን ጨርሱና ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ወራት ቢፈጅም።